ከሲረፑ በፊት ሐኪም ይየው

እህቴ፣ «ልጄ 1 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል፣ አይቆምም፣ እግሩም ወልገድ ብሏል፤ ጎረቤቶቼ መልቲቫይታሚን ሲረፕ ግዢለት ይሉኛል፣ ልግዛ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኛ ሐዋሳ ነን፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አማቴ «ምች ይመታዋል፣ ዓይንም አለ» ስለሚሉ ልጁን ከቤት አላወጣውም ነበር። ፀሐይ እንደሚያስፈልገው ግን አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ልብሱን አውልቄ መስኮቱ ሥር አስተኛዋለሁ። ንፋስ እንዳይገባ መስታወቱ ዝግ ነው። ፀሐይዋ ሆዱ ላይ ታርፋለች፣ ገላው ይሞቃል፣ ይስቃል። ወራት እንዲህ ቆየን።

ሲጠባ ጭንቅላቱን ላብ ያጠምቀው ነበር። የሐዋሳ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። በ11 ወሩ አንድም ጥርስ አላበቀለም፣ እርግብግቢቱም ገና ሰፊ ነው። እኔም እንደ ጎረቤቶችሽ ምክር ሲረፕ ገዝቼ ሁለት ወር ሰጠሁት። አንድ ቀን ሳጥበው ጣቴ ደረቱ ላይ ሲያልፍ የጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደረ እብጠት ነካሁ። የእጁን አንጓ አየሁት፣ ወፍሯል። ሳሙናውን እንኳ ሳላጥብ ፎጣ ጠቅልዬው ተቀመጥኩ።

ሐኪሙ የእጁን ራጅና ደም አይቶ ሪኬትስ ነው አለኝ። ያስረዳኝ እንዲህ ነው፦ ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፈረስ በደንብ አይወስድም፤ አጥንቱ ሳይጠነክር ያድጋል፣ ክብደት ሲያርፍበት ይጎብጣል። የጡት ወተት ደግሞ ቫይታሚን ዲ በጣም ትንሽ ነው ያለው። ዋናው ምንጭ ቆዳችን ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ነው። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ያስቀራል። ይህን ስሰማ እዚያው አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጠዋት ልጄ የሞቀው እንጂ ያገኘው ነገር አልነበረም።

የቫይታሚን ዲ ጠብታና ካልሲየም ታዘዘለት፣ ከሦስት ወር በኋላ ራጁ ተደገመ። በ1 ዓመት ከ7 ወሩ ሄደ። እግሩ ቀስ እያለ ነው የተቃናው፣ እስከ ሦስት ዓመቱ ወስዶበታል።

ወደ አንቺ ልጅ ስመለስ፣ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እግር ትንሽ ወልገድ ማለቱ የጤናም ሊሆን ይችላል። ሪኬትስ ይሁን አይሁን የሚለየው ምርመራ ነው፣ እኔም አንቺም በዓይን አንለየውም። ሲረፑ መርዝ ሆኖ አይደለም የምከለክልሽ። ሪኬትስ ከሆነ ግን ለሕክምና የሚያስፈልገው የቫይታሚን ዲ መጠን ለጤነኛ ሕፃን በቀን ከሚሰጠው 400 ዩኒት በብዙ ይበልጣል። ሐኪም ሳያዝ በራስሽ ማብዛትም አይሆንም፤ እንደ ኤ እና ዲ ያሉት ቫይታሚኖች ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ሲበዙ ይጎዳሉ።

ደግሞም ቫይታሚን አንድ ነገር አይደለም። እዚያው እኛ ቤት እናቴ እግራቸውን እየደነዘዛቸው ሲቸገሩ እኔ ካልሲየም ይሆናል ብዬ ነበር። ቢ12 ሆኖ ተገኘ። እሱ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ እናቴ ደግሞ ከጾም ውጭም ሥጋ አይቀምሱም። አመሻሽ ላይ ዓይን የሚይዘው፣ ዳፍንት የምንለው፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው። ጉበት፣ ካሮት፣ ጎመን፣ በእኛ አካባቢም ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለዚህ ጥሩ ነው። በየስድስት ወሩ ለሕፃናት የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታም እንዳታሳልፊው።

አዳማ ነኝ ብለሻል፣ ፀሐይ ደጃፍሽ ላይ ነው። የጤና ባለሙያዋ ለእኛ የነገረችን ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ እጅና እግሩን ገልጦ፣ ውጭ ላይ ነው። ምች የሚሉሽን እናቶች አትጣያቸው፤ እኔ አማቴን ሐኪሙ ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላ ልጁን ፀሐይ የሚያወጡት እሳቸው ሆኑ።

አንድ ነገር ግን አትዘግዪበት። ሪኬትስ ያለበት ልጅ የጎድን አጥንቱ ስለሚለሰልስ ለሳንባ ምች ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ የአገራችን ጥናት፣ በሳንባ ምች የታመሙ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል ካልታመሙት 13 እጥፍ ያህል ነበር። ስለዚህ ነገ ጠዋት ይዘሽው ሂጂ። ሳል ወይም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካለው ዛሬውኑ።