ከድራማ ወደ ዜና ክፍል፦ ለየካ አባዶዋ ተዋናይት

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። 29 ዓመትሽ ነው፤ የምትኖሪው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ድራማ ላይ ቀረሽ። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ተከታታይ ድራማ እህቷን የከዳችውን ሴት ሆነሽ እየተወንሽ ነው። ቀረጻው ለገጣፎ አንድ ኪራይ ቪላ ውስጥ ነው። የአንድ ሪል እስቴት ማስታወቂያም ትሠሪያለሽ። አሁን አንድ ጣቢያ ዜና አንባቢ እንድትሆኚ ጠይቆሻል። አንቺ ግን የምትፈልጊው ጋዜጠኛ መሆን ነው። «ሰው የሚያየኝ በድራማዋ ሴት ነው፣ ዕድሜዬም ሄዷል፣ ምን ይሻለኛል?» ብለሻል።

የዕድሜውን ነገር ተይው። በ29 ዓመቱ ዜና ክፍል የገባ ሰው አልረፈደበትም።

የቀረበልሽን ወንበር ግን አሁን አትቀበዪ። ጣቢያው የፈለገው ፊትሽን ነው። ዜና ማንበብ የተከበረ ሥራ ነው፤ በድምፅና በትንፋሽ አያያዝ ደግሞ ከብዙዎች ትሻያለሽ። ችግሩ የሚመጣው በቀጥታ ሥርጭት መሐል ድንገተኛ ዜና ሲገባ ነው። ወይም እንግዳው ያልተጠበቀ ነገር ሲናገር። ያን ጊዜ ስክሪፕት የለም። ቀጣዩን ጥያቄ የሚያመጣልሽ መስክ ወጥተሽ ያካበትሽው ልምድ ብቻ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ሪፖርተር አድርጉኝ፣ ስቱዲዮው ይደርሳል» በያቸው። እምቢ ካሉሽ ሌላ ጣቢያ ሞክሪ።

ይህ መንገድ በሌላ አገርም ተሞክሯል። አሜሪካዊቷ አንድሪያ ቶምፕሰን በተከታታይ ድራማ የታወቀች ተዋናይት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2000 ትወናውን ትታ አልበከርኪ በምትባል ከተማ ሪፖርተር ሆነች። ሥራውን በደንብ ሳትለምደው፣ በ2001 ሲኤንኤን በሄድላይን ኒውስ ጣቢያው ዜና አቅራቢ አደረጋት። ልምድ የላትም የሚል ትችት ወረደባት፣ በ2002 ለቀቀች። ሌላዋ አሜሪካዊት ሊሳ ጌሬሮም በ1999 በሶፕ ኦፔራ፣ ማለትም በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተውናለች። በ2003 በአሜሪካ ፉትቦል የሰኞ ምሽት ሥርጭት ላይ የሜዳ ዳር ሪፖርተር ሆነች፤ ክፉኛ ተተችታ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ተነሣች። በ2006 ግን ኢንሳይድ ኤዲሽን የተባለ ፕሮግራም ውስጥ ገብታ የምርመራ ዘጋቢ ሆነች፤ ስሟን ያስከበረውም ይኸው ሥራ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እሷን በሙያው ያጸናት ዝናዋ አይደለም። ማስረጃ ይዛ ሰው ፊት መቆሟ ነው።

አሁን ስለ አንቺ ወደሚያሰጋኝ ነገር ልምጣ። ድራማ ላይ ያልተሳካ ትዕይንት ይደገማል። ዜና ላይ አይደገምም። ይህ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፣ ሥራው ላይ ግን ይፈትናል። የውሃ ፈረቃን እንውሰድ። ያንቺው ብሎክ ላይ አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን ይዘው አራተኛ ፎቅ ይወጣሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጠው ወገባቸውን ይይዛሉ። ካሜራማኑ አልደረሰም። አራት ዓመት የሠራሽበት ልማድ «እማማ፣ እንደገና ይውጡልን» ያሰኝሻል። አትበዪ! ያመለጠ ምስል አምልጧል። እሳቸው ሌላ ጊዜ በራሳቸው ሲወጡ ትቀርጫለሽ፤ ካልሆነም ደረጃውንና ጀሪካኑን አሳይተሽ የሆነውን በቃልሽ ትናገሪያለሽ። ሰው እንዲተውን ያደረግሽ ቀን ተዋናይ ናት የሚሉሽ ሰዎች እውነታቸውን ይሆናል።

እንባም እንዲሁ ነው። ዝም ብሎ ዓይን ዓይን በማየት ሰውን ማስለቀስ ታውቂበታለሽ። ያን ዝምታ ለእኚህ እናት አታውዪው። ለኃላፊው አስቀምጪው። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ብሎ ሲጨርስ ቶሎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አትሂጂ። ማይኩን እንደያዝሽ ጠብቂ። ብዙ ጊዜ ሰው ዝምታውን ለመሙላት ሲል ዋናውን ነገር የሚናገረው ያኔ ነው። ትወና ካስተማረሽ ሁሉ ለጋዜጠኝነት ይበልጥ የሚጠቅምሽ ይህ ማዳመጥሽ ነው።

የውሃውን ነገር ገና አልጨረስኩም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ሥራሽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ዋና ግድቦች አንዱ ለገዳዲ ነው፤ ካንቺ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ታዲያ ፈረቃው በወረቀት ላይ መቼ ነው? ውሃው በተግባር የመጣው መቼ ነው? ቀኑን የመዘገበ የብሎክ ኮሚቴ አለ? ይህን ይዘሽ ወደ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሂጂ። መልሳቸውንም ሳትቆራርጪ አካትቺ። ደግሞ እናንተ ዘንድ ትንሽ እልፍ ሲሉ አዲስ አበባ አልቆ በኦሮሚያ ሥር ያለው ሸገር ከተማ ይጀምራል። ለገጣፎ የዚያ ነው። ነዋሪው ስለ መንገድ፣ ስለ ታክሲ፣ ስለ ቆሻሻ አቤት ሲል የትኛው ቢሮ እንደሚመለከተው መለየት ራሱ የሪፖርተር ሥራ ነው። መሐል ከተማ ያለው ጋዜጠኛ ጋዜጣዊ መግለጫ ሲያሳድድ ይውላል፤ የዳር ሰፈሩን ነገር በየቀኑ የሚያየው እዚያ የሚኖር ሰው ነው። አፋን ኦሮሞ የምትችዪ ከሆነ ሲቪሽ ላይ ከላይ ጻፊው። ካልቻልሽ ዛሬውኑ መማር ጀምሪ፤ ያለ እሱ ከሰፈርሽ ሰው ግማሹን በአስተርጓሚ ልትጠይቂ ነው።

ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። አካውንቲንግ። እኔ ከድራማው ይልቅ እሱ ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ጥር 2017 ላይ ደግሞ እንደ አክሲዮን ያሉ ሰነዶች የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። ባንኮች ሒሳባቸውን ያወጣሉ፣ ተመልካቹም ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። የሒሳብ መግለጫ አንብቦ «ይቺ ቁጥር ካምናው ለምን ቀነሰች?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሪፖርተር የትም ጣቢያ ቢሄድ ይፈለጋል። የቢዝነስ ዴስክ እንዲመድቡሽ ጠይቂ። የከዳችውን እህት ለማስረሳትም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ተመልካች ስለ ኑሮው የሚጠቅመውን ነገር ደጋግሞ ካንቺ ከሰማ ቀስ በቀስ በዚያ ያውቅሻል።

የሪል እስቴቱ ማስታወቂያ ግን አሳስቦኛል። ውልሽ ስድስት ወር ይቀረዋል ብለሻል። እሱ በስክሪን እየታየ ስለ ቤት ዋጋ፣ ቤታቸውን በቀጠሮው ስላልተረከቡ ሰዎች ልትዘግቢ አትችዪም። ለጣቢያው ከመቀጠርሽ በፊት በግልጽ ንገሪያቸው፣ ውሉንም አሳዪ። ከዚያ በኋላ አዲስ ማስታወቂያ አትቀበዪ። ገቢሽን እንደሚነካው አውቃለሁ። የሪፖርተር ወር ደመወዝ ማስታወቂያ ተጨምሮበት ከምታገኚው ማነሱም አይቀርም። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የጥቂት ወራት ወጪሽን አስቀምጪ።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የማስተርስ ፕሮግራም አለው። ከሌላ ትምህርት የመጣ ሰው ምን እንደሚጠየቅ ሬጅስትራር ሄደሽ አጣሪ። ግን እሱን እየጠበቅሽ ሥራውን አታዘግዪ።

ለጣቢያው ሾውሪል፣ ማለትም የሥራ ናሙና ቪዲዮ ስትወስጂ ከድራማው አንድም ትዕይንት አታስገቢ። በስልክሽ የቀረጽሽውን፣ ራስሽ የጻፍሽውን የሁለት ደቂቃ የውሃ ዘገባ ውሰጂ። ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ የምሽት 2 ሰዓት ዜና ያመሸበት ሠራተኛ ሰርቪሱ እስከ የካ አባዶ ያደርሰዋል ወይስ መገናኛ ይጥለዋል? የማታ ታክሲ ሰልፉን ታውቂዋለሽ፣ ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁንልሽ። ለድራማው ፕሮዲውሰርም ነገሩ ሳይፈረም በጊዜ ንገሪው። ያንቺን ገጸ ባሕርይ ከታሪኩ ለማውጣት ደራሲዎቹ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ቪላው ውስጥ አብረውሽ የከረሙት ልጆችም እንጀራቸው ከዚያው ድራማ ነው።