የአንጎል ቲቢ እብጠት በሕክምና መካከል ሲያድግ

ጠያቂዋ እህታችን፣ ድሬዳዋ ያለው ታናሽ ወንድምዎ የአንጎል ቲቢ ሕክምና ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ራስ ምታቱ እንደተመለሰበትና አዲሱ ምስል እብጠቱ አድጎ እንዳሳየ ገልጸው፣ መድኃኒቱን እናቋርጥ ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ታላቅ ወንድሜን በዚሁ በሽታ ሐረር ላይ አንድ ዓመት ሙሉ አስታምሜአለሁ። በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡ፤ ቀጠሮም ሳትጠብቁ የፊተኛውንና የአሁኑን ምስል ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

ወንድሜ ከሦስት ወር በላይ ራሱን ሲያመው፣ በአንድ ክሊኒክ መጀመሪያ በታይፎይድ፣ ኋላም በሳይነስ ስም መድኃኒት ሲሰጠው ቆየ። አንድ ሌሊት ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመርና ራሱን ሳተ። ሲቲ ስካን ሲነሳ ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚያበራ እብጠት ታየ። ሐኪሙ «የነቀርሳ እብጠት ሊሆን ይችላል» ሲሉ እናታችን ካንሰር መስሏት ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፤ በቋንቋችን ነቀርሳ ለሁለቱም ይባላልና ቲቢ መሆኑ እስኪብራራልን ድረስ እኛም ተስፋ ቆርጠን ነበር።

ያ ቀለበት ብቻውን ቲቢ ነው አያሰኝም። መግል የቋጠረ እብጠት፣ ካንሰር፣ በተለይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው በጥገኛ ተህዋሲ የሚመጣ በሽታ ተመሳሳይ ምስል ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የኤችአይቪ ምርመራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ለምርመራ ከአከርካሪው የጀርባ ፈሳሽ እንዲቀዳለት ስንጠይቅ፣ እብጠቱ ትልቅ ሆኖ በጭንቅላት ውስጥ ግፊት ካለ መቅዳቱ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ነገሩን። ፈሳሹ ቢቀዳም እንኳ የቲቢ ተህዋሲን ዘረመል በሚፈልገው የጂንኤክስፐርት ምርመራ ነጻ መሆኑ ቲቢ የለም ማለት አይደለም። እርግጠኛው መንገድ ከእብጠቱ ናሙና መውሰድ ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ለዚህም ሐኪሞች ሌላ ቦታ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ለእኛ የተገኘው ከአንገቱ እጢ በተወሰደው ናሙና ነበር። የወንድምዎ ምርመራ በምን ላይ እንደቆመ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሕክምናው ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አሥር ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ነበር፤ ከዚህ ጋር እብጠትን የሚቀንሰው ስቴሮይድ ተሰጥቶት በየሳምንቱ እየተቀነሰ ሄደ። በሰባተኛው ሳምንት፣ ስቴሮይዱ ሲቀንስ፣ ራስ ምታቱ ተመለሰ፤ ምስሉም እብጠቱ ማደጉንና ሌላ ትንሽ መጨመሩን አሳየ። ተህዋሲያኑ ሲሞቱ ሰውነት በቅሪታቸው ላይ ስለሚቆጣ መድኃኒቱ እየሠራም እብጠቱ ሊያድግ እንደሚችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ ግን በዚህ ግምት ብቻ አላለፉትም፤ ክኒኑን በትክክል መዋጡን፣ መጠኑ ከክብደቱ ጋር መስማማቱን፣ ተህዋሲው መድኃኒቱን የተላመደ መሆን አለመሆኑን አጣርተው ስቴሮይዱን መልሰው ከፍ አደረጉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ራስ ምታቱ ቀለለ። የወንድምዎ ጉዳይ ይህ ይሁን ወይም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ፣ አልያም ፈጽሞ ሌላ በሽታ፣ ሊለየው የሚችለው ሐኪሙ ብቻ ነው።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሪፋምፒሲን የአንዳንዶቹን ኃይል ይቀንሳል። ጫትን በተመለከተ በእኛ አገር መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ከበርጫ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ ማደር መንቀጥቀጡን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ጉበቱም በመድኃኒቱ ጫና ውስጥ ስላለ፣ ወንድሜን ለምነን አስተውነዋል። የሽንቱ መቅላት ከሪፋምፒሲን ነው፤ የዓይኑ ቢጫ መሆን ወይም የእይታው መደብዘዝ ግን በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። ሳህኑን ደግሞ አትለዩበት፤ ሳንባው ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ በአንጎል ውስጥ ያለ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

ደጋግሞ ማስመለስ፣ የአንድ ወገን ሰውነት መስነፍ፣ መቃዠት ወይም የማይቆም መንቀጥቀጥ ካያችሁ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ወንድሜ አሥራ ሁለቱን ወር ጨርሶ በመጨረሻው ምስል ላይ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የሚጥሉን መድኃኒት ግን ሐኪሙ ወዲያው አላቆሙበትም።