የፈረሰ ስትጠግኑ፦ ለወሎ ልጆች

እንዴት ናችሁ ልጆቼ? አብሽሩ።

ሰሞኑን ሁለት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ደሴ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። በ2014ቱ ጦርነት የተመታ አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት ለመመረቂያ ሥራቸው ወስደው፣ እሱ ላይ ተጣልተዋል። ልጅቷ እንደነበረ ይመለስ፣ አንድ ድንጋይ እንዳይቀየር ትላለች። ልጁ ደግሞ ያ ዘመን አልፏል፣ በብረትና በመስታወት የራሳችንን ዘመን እናሳይበት ይላል። "ጋሼ፣ ይፍረዱን" አሉኝ። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ተከራከርን፤ እኔም ሳልፈርድ ሸኘኋቸው። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለነሱም፣ ነገ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ውስጥ ለምትገቡት ሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገና ተመርቄ የወጣሁ፣ ሲሚንቶ የሁሉ ነገር መድኃኒት የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የድሮ መስጊድ የአንድ ወገን ግድግዳው አብጦ፣ ሆዱ ወጥቶ ነበር። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ነው፣ ላዩ በኖራ የተለሰነ። እኔ ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞላሁት፣ ላዩንም በሲሚንቶ ለሰንኩት። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ግንበኛ ነበሩ። ቆመው አዩና "ልጄ፣ ግድግዳውን አፈንከው እኮ" አሉኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ አለፍኳቸው።

የመጀመሪያው ዓመት አማረ። ኮሚቴው መረቀኝ። በሦስተኛው ክረምት ከግድግዳው ሥር ነጭ ጨው ወጣ፣ ልስኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ፣ ሲወርድም የድንጋዩን ፊት ገሽልጦ ይዞት ወረደ። ውስጥ የነበረው የጥድ ማሰሪያ በስብሶ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ያ እንጨት እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የወሎን ክረምት ሁሉ ችሎ የኖረ ነው። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይከብዳል።

ለምን እንደዚያ ሆነ? የድሮ ግድግዳ ይተነፍሳል። ከመሬት የሳበውንና ከዝናብ የጠጣውን ውሃ በጋ ሲሆን በጭቃውና በኖራው በኩል ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል፤ ውሃው ሌላ መንገድ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨዉንም እዚያው ትቶት ይሄዳል፣ ጨዉ ሲጠጥር ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሌላም አለ። ኖራ ከድንጋዩ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው መጋጠሚያው ነው፣ መጋጠሚያ ደግሞ ይጠገናል። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ከጠነከረ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ራሱ ይሆናል።

ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድንጋዩ 900 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል፣ ውሃ ሲፈስበት ይፈላል፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይተኛል። ከተለሰነ በኋላም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ለምረቃ ቀን ተብሎ የሚጣደፍ ሥራ አይደለም። ጎንደር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ የፋሲልን ግቢ በሲሚንቶ ጠጋግነውት፣ በኋላ ኖራውን ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ተደክሟል። በቅርቡ ደግሞ ታድሶ ግንቡ ነጣ ሲል ስንቱ ሰው ደነገጠ። ድንጋጤው ይገባኛል፣ እኔም ያደግኩት ጠቆር ያለውን መልኩን እያየሁ ነው። ግን መልኩን ከመፍረዳችሁ በፊት የተቀባው ምን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ አንድ ግድግዳ የገደልኩት ሳልጠይቅ ነው።

አሁን ወደ ላስታ እንሂድ። ላሊበላ ከሌላው ሁሉ ይለያል፤ 11ዱም አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። የተሰነጠቀ ድንጋይ አውጥታችሁ ሌላ አትተኩም፣ ሕንፃውም ተራራውም አንድ አካል ነውና። ድሮ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ አለቱ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። ጣሊያናዊው አርክቴክት አንጀሊኒ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጥቶ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ያንን ሬንጅ ማንሣት ነበር። ከዚያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) አብያተ ክርስቲያናቱን ከላይ ከዝናብ የሚከልሉት ትልልቆቹ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ቆሙ። ልጄ፣ አንተ ዘመናዊ ንድፍ የምትለው፣ ይኸው አገራችን ላይ አለልህ። እውነቱን ለመናገር በአንድ ነገር አላማርረውም፤ አለቱን አስመስሎ አልመጣም፣ ብረት መሆኑን አልደበቀም፣ ዝናቡንም ከልክሏል። ግን ለጊዜው ተብሎ ነበር የቆመው። ከታች ሆኖ የሚያስቀድሰው የላስታ ሰው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወድቅብናል ብሎ ሲሰጋ ኖረ፣ ሰልፍም ወጣ። አንድ ነገር ለጊዜው ስታቆሙ የሚነሣበትን ቀንና የሚያነሣውን ሰው አብራችሁ ጻፉ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ላይ በኋላ የተሠራውን ጥገና ሂዱና እዩት። የአካባቢው ልጆች ሠልጥነው ገብተውበታል፤ እኔን ደስ ያለኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ነገ ስንጥቅ ሲወጣ ጠጋኙ እዚያው ጎረቤት አለ።

አንቺ ደግሞ፣ እንደነበረ ይመለስ ያልሽው፣ የትኛው "እንደነበረ"? ይምርሐነ ክርስቶስን አይተሻል? ዋሻ ውስጥ እንጨትና ነጭ ልስን እየተደራረበ የቆመው ነው። የሠሩት ሰዎች የአክሱምን ዘዴ ያውቁ ነበር፣ ግን አክሱምን እንዳለ አልገለበጡም፤ ዋሻው የሚፈልገውን ሠሩ። የድሮ ሰው እንደኛው ያስብ ነበር። አይጠየፍ አዳራሽንም እዪ፣ እዚሁ ደሴ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን። ማንንም አይጠየፍም ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት። ያን አዳራሽ የሚጠግን ሰው ጣሪያና ምሰሶውን ብቻ አስተካክሎ ሰው የማይገባበት ዝግ ቤት ቢያደርገው እንደነበረ መለሰው እላለሁ? አልልም።

በ1964 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈው፣ ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ ጥገና ግምት የሚጀመርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል፤ አዲስ የተጨመረውም ከድሮው ጋር ተስማምቶ ግን እንዲለይ። እኔ ይሄን በራሴ እጅ ካየሁት ጋር አስማማዋለሁ። የቆመውን በራሱ ዓይነት ጠግኑት፤ ጭቃውን በጭቃ፣ ኖራውን በኖራ፣ ጥዱን በጥድ። የጠፋውን ደግሞ ፎቶም ልክም ካለው መልሱት። ምንም ከሌለው ግን አሮጌ አስመስላችሁ አትሥሩ። የልጅ ልጆቻችሁ አያቶቻችን የሠሩት ነው ብለው በውሸት እንዲኮሩበት አታድርጉ። አዲስ ሥሩ፣ ግን ዝቅ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር የሚኖር አዲስ። በርሊን ላይ በጦርነቱ የተመታውን የካይዘር ቪልሄልም ቤተ ክርስቲያን ግንብ እንደተሰበረ ትተው፣ አጠገቡ ፍጹም ሌላ መልክ ያለው አዲስ ሠሩ። የተሰበረው የተሰበረ፣ አዲሱም አዲስ እንደሆነ ያየ ሁሉ ያውቃል።

የፖላንዷ ዋና ከተማ ዋርሶ ግን ሌላ መንገድ ሄደች፣ በእሷም አልፈርድም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሮጌው ከተማ ዶግ አመድ ሆኖ ነበር። መልሰው ሠሩት፣ ዩኔስኮም በ1980 (እ.ኤ.አ.) መዘገበው። እንዴት ቻሉ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን የሣለ ሠዓሊ ነበር፣ ሥዕሎቹ ረዷቸው። ከዚያ ይልቅ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የተማሪዎቹ ነገር ነው። ከጦርነቱ በፊት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ቤቶቹን እየለኩ ነድፈው ነበር፤ ያ ወረቀት በጦርነቱ ጊዜ ገዳም ውስጥ ተደብቆ ተረፈ። እንደናንተ ያሉ ልጆች እኮ ናቸው!

እኛ ጋ ማን ለካ? የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ሲዘረፍ ሁላችንም አለቀስን። ሾንኬ ላይ ያን የድንጋይ መንደር ሁሉም ፎቶ ያነሣዋል፣ የአንዱን ቤት የግድግዳ ውፍረት ጠይቁት ግን ዝም ይላል። ገጠር ስንት ክብ ቤተ ክርስቲያንና ስንት የድሮ መስጊድ በአርማታ ሊተካ ተብሎ አንድ ሥዕል ሳይነደፍለት ፈረሰ። ምእመኑ በዝቷል፣ ቦታ ጠቧል፣ ይሄን አውቃለሁ። ቢሆንም ግቢው ሰፊ ከሆነ አዲሱ ጎን ይሠራ፣ አሮጌው ይቆይ። ኮሚቴ ላይ ይሄን ስትናገሩ ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ ዱዓውም ቡራኬውም ካለቀ በኋላ ተናገሩ። ብዙዎቹ ቤቱን ከናንተ በላይ ይወዱታል። ኖራ የሚያውቅ ሰው ስላጡ ነው ሲሚንቶ የሚገዙት።

የናንተን ቤት በተመለከተ፣ ሁለታችሁም ብትስማሙም ባትስማሙም ሐሳቤ ይሄ ነው። ሦስቱ ግድግዳ ቆሟል፤ በኖራ ይጠገን፣ የወደቀው ድንጋይ ተለቅሞ ቁጥር ይጻፍበት፣ ሰው ለአጥር ሳይወስደው። የአራተኛው ወገን ፎቶ የትም አልተገኘም ብላችሁኛል። እሱን ልጁ ይንደፈው፣ ከፍታው ከሦስቱ ሳይበልጥ። ልጅቷ ደግሞ መገጣጠሚያውን ትንደፍ፣ አዲሱ ሲነሣ አሮጌው ሳይቆስል እንዲነሣ አድርጋ። ክረምት ሳይገባ ግን ሦስቱ ግድግዳ ይለካ። ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲገፈፍ በሩ ላይ ጠብቁኝ፣ ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።