መልስ፦ ሁከር ስክረም ላይ ካልታገለ ሥራው ምንድን ነው?

ወንድሜ፣ በራግቢ ሊግ 9 ቁጥር የሚለብሰው ሁከር ስክረም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተቃቅፈው ፊት ለፊት የሚገጥሙበትና ኳሷ በመሃላቸው የምትገባበት) ላይ ምንም የማይሠራ ከሆነ ለምን እንደ ቁልፍ ተጫዋች ይቆጠራል ብለህ ጠይቀሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በእኔ እይታ እንደ ሁከር ሥራው የተገለበጠበት ተጫዋች የለም።

ድሮ ስክረም የእውነት ትግል ነበር። ሁከሩ በግራና በቀኙ ባሉት ሁለት ፕሮፖች (ግዙፍ የፊት ተጫዋቾች) ትከሻ ላይ ተደግፎ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ይጠርጋል። ያኔ የታክል ገደብ (ኳስ የያዘው ቡድን ስንት ጊዜ ከተያዘ በኋላ ኳሷን እንደሚያስረክብ የሚወስን ሕግ) ስላልነበረ ኳስ ያገኘ ቡድን እንደልቡ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ስክረም ማሸነፍ ትልቅ ነገር ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. የ4 ታክል ገደብ መጣ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ 6 ሆነ። ስክረሙም ቀስ በቀስ ላልቶ ዛሬ ለወጉ ያህል ነው የሚደረገው።

ሁከሩ ግን ሌላ ቤት አገኘ። የተያዘው ተጫዋች ተነስቶ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳት ሁከሩ ነው። ተከላካዮቹ ገና ወደ መስመራቸው እያፈገፈጉ ነው። ራሱ ይሩጥ? ለፕሮፑ ያቀብል? ወይስ በእግሩ ይምታ? በየታክሉ ይህን የሚወስነው እሱ ነው። የሜልበርን ስቶርሙ ካሜሮን ስሚዝ በዚህ ብልሃት ነው በአውስትራሊያ ሊግ 430 ጨዋታ የተጫወተው። በጉልበትም በፍጥነትም የሚበልጡት ሞልተው ነበር፤ ጨዋታውን በማንበብ ግን የሚደርስበት አልነበረም።

የ13 ቁጥር ለባሹ ተጫዋች ሥራም ተቀይሯል። ድሮ ኳስ አከፋፋይ ነበር፤ አሁን በብዙ ቡድኖች ሦስተኛ ፕሮፕ ሆኗል። እኔ የድሮውን እመርጣለሁ። ቀጣዩን ጨዋታ ስታይ ኳሷን ትተህ 9 ቁጥሩን ብቻ ለ10 ደቂቃ ተከታተለው።