ኮምፒውተሩን ከመግዛትዎ በፊት

«አዳማ ነኝ፤ ኮሮላ እነዳለሁ። ጎርባጣ መንገድ ላይ ስገባ የፍጥነትና የነዳጅ ቀስቶቹ ባንዴ ይወድቃሉ፣ የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ ብለው ይጠፋሉ። ጋራዥ ሳሳይ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ተቃጥሏል አሉኝ። ያገለገለ ገዝቼ ላስቀይር?»

ጌታዬ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስዎ ያቆዩት። የተቃጠለ ኮምፒውተር መንገድ አይመርጥም። ሲንገጫገጭ የሚመጣ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሽቦ ወይም የሶኬት ጣጣ ነው። የኮምፒውተሩ የውስጥ ብየዳም ሊላቀቅ ይችላል፤ እሱ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው።

መጀመሪያ ባትሪው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለካ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የፊት መብራት ይብራ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኮምፒውተሩ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ያስይዙ። ከ0.1 ቮልት ብዙም ማለፍ የለበትም። ካለፈ ሽቦው ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ቡሎን ፈተው፣ ዝገቱን ፍቀው መልሰው ያጥብቁ። ብዙ «የሞተ» ኮምፒውተር እዚህ ላይ ነፍስ ይዘራል።

የፊት መስታወቱ ተቀይሮ ያውቃል? ማስቲሹ በደንብ ካልያዘ የክረምት ውኃ በጠርዙ ሾልኮ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ይንጠባጠባል። የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለው ፒኖቹን በባትሪ መብራት ይዩ። አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ሌባው ተያዘ።

ዳሽቦርዱን ከመፍታትዎ በፊት ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ኤርባጉ ኃይል ያጠራቅማል። ቢጫ ሶኬት የእሱ ነው፤ ቴስተር እንዳይነካው።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ከሆነ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ዓይነት ይሁን። «ያው ነው፣ ይገጥማል» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ መግጠምና መሥራት ለየቅል ናቸው። በተለይ የሞተሩ ኮምፒውተር ከሆነና መኪናዎ ኢሞቢላይዘር (ከራሱ ቁልፍ በቀር ሞተሩን የማያስነሳ የስርቆት መከላከያ) ካለው፣ ያገለገለው የሚያውቀው የድሮ ባለቤቱን ቁልፍ ነው። ሞተሩ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይግዙ አዳማ፣ ካልሠራ እንደሚመልሱ አስቀድመው ይስማሙ። የድሮውን ግን ለሻጩ በለውጥ እንዳይሰጡ። የቁልፍዎ መረጃ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ ባለሙያው ወደ አዲሱ የሚገለብጠውም ከዚያው ነው።