ለቢቸናዋ እህታችን፦ ከሰርቨሩ በፊት አድሚን ፈልጉ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የቢቸና ልጆችን ግሩፕ ታስተዳድሪያለሽ። የምትጠቀሙበት ትልቅ መድረክ የመርዶ ፖስት ያነሳባችኋል፣ ስድቡን ግን ይተወዋል። ግማሹ አባል «ባለቤት ወደሌለው ማስቶዶን እንውጣ» ይላል፤ ሌላው «መንግሥት በሕግ ይቆጣጠርልን» ይላል። (ማስቶዶን ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ሰርቨር፣ ማለትም ጽሑፉና ፎቶው በሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ የሚያካሂዱት ማኅበራዊ መድረክ ነው።) የቱ ይሻላል ነው ያልሽው። እኔም ደብረ ማርቆስ ሆኜ የአካባቢያችንን የቴሌግራም ግሩፕ ከጓደኞቼ ጋር ስለምጠብቅ ያየሁትን ልንገርሽ።

በእኔ እምነት፣ ቋንቋውንም አገሩንም የሚያውቅ፣ ማታም ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌላችሁ የትም ብትሄዱ ችግሩ ተከትሏችሁ ይመጣል።

አንድ ምሽት ግሩፓችን ላይ የተገለበጠ አውቶቡስ ፎቶ ተለቀቀ። «አሁን ዓባይ በረሃ ላይ ነው፣ ሹፌሩ ሆን ብሎ ነው የገለበጠው» ይላል። የሹፌሩን ዘርም ጠቅሷል። ወዲያው ስድቡ ወረደ። ልጃቸው የዚያን ቀን ከአዲስ አበባ የተሳፈረባቸው እናት እያለቀሱ የድምፅ መልእክት ላኩ። እኛ ፎቶና ቪዲዮ መለጠፍ ዘጋን። ስሎው ሞዱን አንድ ሰዓት ላይ አደረግነው፤ አንዴ የጻፈ ሰው ሰዓት ሳይሞላ ሌላ መጻፍ አይችልም። ከዚያ ፎቶውን አጉልተን አየነው። ከአውቶቡሱ ጀርባ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሜዳ ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ ከየት መጣ? ደጀን መናኸሪያ ለሚሠራ አባላችን ደወልን። የተገለበጠ መኪና የለም አለ። የእሱን ድምፅ ፒን አደረግን፣ ፎቶውን አጠፋን፣ የለቀቀውንም አስወጣነው። ልጁም አምሽቶ ለእናቱ ደወለ።

ደግሞ የጎጃም ሰው ነን፤ ቅኔ የቆጠረ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። አንዴ ስለ አውድማና ስለ ገለባ የሚያወራ ሁለት ስንኝ ተለጠፈ። ሰሙ ምንም ክፋት የለውም። ወርቁ ግን ጎረቤት ሕዝብን አባሩ የሚል ነው። ያንኑ ስንኝ አንድ ትልቅ መድረክ ላይ አግኝተን ሪፖርት ብናደርግ «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ መጣልን። እኛ ጋ ግን የአብነት ትምህርት የዘለቀ አንድ አባል እንዳየው ፈታው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት እሳቸውን የሚወነጅሉ ፖስቶች ፌስቡክ ላይ ይዘዋወሩ ነበር። ልጃቸው ሪፖርት አድርጌ በጊዜ የሰማኝ የለም ብሎ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በቂ የይዘት ተቆጣጣሪ እንዲቀጠር ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት አይዳኘኝም ብሎ ቢከራከርም፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ይህን ክርክር በቅርብ ተከታተሉት፤ የእኛው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ማስቶዶን። ዩጂን ሮችኮ የሚባል ጀርመን የሚኖር ወጣት በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ባለቤት የለውም የሚባለው ግን ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ሰርቨር ባለቤት አለው። ኪራዩን የሚከፍል፣ ደንቡን የሚያወጣ፣ ሪፖርቱን የሚያይ ሰው አለ። የራሳችሁን ሰርቨር ከከፈታችሁ ያ ሰው አንቺ ነሽ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጋብ የሚባለው በጥላቻ ንግግር የታወቀ መድረክ የማስቶዶንን ኮድ ወስዶ ሲገባ ማንም ሊከለክለው አልቻለም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነዋ። ሌሎቹ ሰርቨሮች ያደረጉት እያንዳንዳቸው ከጋብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መቁረጥ ነው። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፣ ውሳኔውን ወደ ሰዎች ያቀርበዋል። ግን በየሰርቨሩ ቁጭ ብሎ የሚወስን ሰው ይፈልጋል።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ስንቆይ፣ ሰርቨሩ የትም ይሁን የት ለእኛ ለውጥ አልነበረውም። መስመሩ ሲዘጋ እንደ ማስቶዶን ያልተማከለውም፣ እንደ ፌስቡክ በአንድ ኩባንያ እጅ ያለውም እኩል ይጠፋል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። መድረኮች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያገኘዋል። ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። አድሚን ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ጥላቻን የሚቀጣ ሕግ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ አልከራከርም። ነገር ግን ትርጉሙ ሰፊ ነው፣ ባለሥልጣን የጠላውን ትችት «ሐሰተኛ» ለማለት ይመቻል። ደግሞ 24 ሰዓት ለእኛ በጣም ብዙ ነው። የአውቶቡሱ ወሬ በደቂቃ ነው የተቀጣጠለው።

ስለዚህ ለጊዜው ያላችሁበት ቆዩ። መርዶው እንዳይጠፋባችሁ ከሆነ ጭንቀታችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍታችሁ ቅጂውን አኑሩ። ዋናው ጉልበታችሁ አድሚን ላይ ይዋል። ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ ጓደኛሞች ብቻ አትምረጡ፣ ሴቶችም ይኑሩበት። ደብረ ወርቅ በኩልም የሚደወልለት ሰው ይኑራችሁ። ፖስት ስታነሱ ምክንያቱን ጻፉ፤ የተነሳበት ሰው ቅር ካለው ከሌላ አድሚን ጋር እንዲነጋገር ዕድል ስጡት። እኛ ጋ ጭቅጭቁን በግማሽ ያስቀረው ይሄ ነው።

ደንባችሁን ስትጽፉ ረቂቁን እዚህ ለጥፊው፣ የእኛንም እልክልሻለሁ።