ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ መነጽር የልጄን ዓይን ያደክመዋል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ12 ዓመት ልጄ ሰሌዳው አይታየውም ብሎ መምህሩ ስላስጠራኝ አስመረመርኩት። ማይነስ 1.75 መነጽር ታዘዘለት። እናቴ ግን ‹ከአሁኑ ከጀመርሽው ይለምድበታል፣ ቁጥሩም በየዓመቱ ይጨምራል› ትላለች፤ የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ሆናለች። አባቱ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ በሌዘር ይሠራለት ይላል። መነጽሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው፣ ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ይብስበታል። ሰፈር ካለ ፋርማሲ የምገዛለት ጠብታ አለ፤ ወዲያው ያሽለዋል። ምን ይመክሩኛል?» የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መነጽሩን ዛሬውኑ አውጥተው ያድርጉለት። ከደብዳቤዎ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ በአጭሩ ያለፉት የጠብታው ነገር ነው። እሱን በሰፊው እነግርዎታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለእናትዎ ስጋት መልስ ልስጥ፤ እሳቸው ያሉትን ከወላጆች በየቀኑ እሰማዋለሁና።

ማይነስ የታዘዘለት ልጅ ቅርቡ ይታየዋል፣ ሩቁ ይደበዝዝበታል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዓይኑ ኳስ ከሚገባው በላይ መርዘሙ ነው። ስንወለድ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው ዓይን ስናድግ 24 ገደማ ይደርሳል። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያልፍ ከ2 እስከ 3 ቁጥር ማይነስ ይመጣል፤ ምስሉ ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ላይ ማረፍ ሲገባው ከፊቱ ይቀራልና። ልጅ ሲያድግ ዓይኑም ያድጋል፣ ቁጥሩም ይጨምራል፤ መነጽር ቢያደርግም ባያደርግም። በየዓመቱ ሰፋ ያለ ጫማ ስንገዛለት «ጫማው ነው እግሩን ያሳደገው» አንልም። የአክስትዎ ልጅም የገጠማት ይኸው ነው። መነጽሩን ሲያወልቁት የባሰ የሚመስለውም ጥርት ያለውን አንዴ ስላዩት ነው።

ሐኪሞችም አንድ ሰሞን ተመሳሳይ ሐሳብ ነበራቸው፤ ቁጥሩን ቀነስ አድርጎ ማዘዝ ይሻላል ይባል ነበር። በማሌዥያ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 94 ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤት ተቃራኒውን አሳየ፤ ሙሉ ቁጥራቸውን ያደረጉት በአማካይ በ0.77 ሲጨምሩ፣ የተቀነሰባቸው በ1.00 ጨመሩ። ልዩነቱ ሰፊ አይደለም። መቀነሱ ግን አልጠቀማቸውም።

በቅርቡ የልጅዎ እኩያ የሚሆን ልጅ መጥቶ ነበር። አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ እንዲያይ አደረግሁት። ቀድሞ ያልታዩትን ሁለት መስመሮች አነበበ፤ ይህ ሲሆን ችግሩ በመነጽር የሚስተካከል ነው ማለት ነው። የሙከራ መነጽሩን እንዳደረግሁለት ወደ መስኮቱ ዞረና ግቢያችን ያለውን የኒም ዛፍ አይቶ «ዶክተር፣ ቅጠሉ ለየብቻው ነው እንዴ?» አለኝ። እስከዚያች ሰዓት ዛፍ ለእሱ አንድ አረንጓዴ ክምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ አገራችን በተደረገው ጥናት፣ ደካማ እይታ ካለባቸው ሰዎች መካከል የ33.4 ከመቶው ችግር በመነጽር የሚታረም ነበር። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌዘሩን ለአባቱ እንዲህ ይንገሩልኝ፦ ቢያንስ 18 ዓመት ሳይሞላውና ቁጥሩ መለወጡን ሳያቆም አይሠራለትም። ስድስት ዓመት ሙሉ በብዥታ ሊማር አይገባም።

አሁን ወደ ጠብታው። ወዲያው የሚያሽል፣ ያለ ማዘዣ የሚገዛና ለዓመታት የተደጋገመ ጠብታ ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ስቴሮይድ የሚባለውን፣ መቅላትንና እብጠትን በፍጥነት የሚያስታግሰውን መድኃኒት ነው። ጠርሙሱ ላይ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ስም ካለ፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር የተቀላቀለም ቢሆን፣ ስቴሮይድ ነው። መድኃኒቱ ክፉ አይደለም፤ እኔም አዘዋለሁ፣ ግን ቀን ቆጥሬና የዓይን ግፊት እየለካሁ። ማንም ሳይከታተለው ሲቆይ የዓይኑ ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ልጁን አያመውም፣ ዓይኑም አይቀላም፤ ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው የዓይኑ ነርቭ ግን ውስጥ ውስጡን ይሞታል። ግላኮማ የምንለው ይህ ነው። የሞተ ነርቭ በመነጽርም በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። የዓይን ሞራም ያለ ዕድሜው ሊያመጣበት ይችላል። ዓይናቸው አልቆ የሚመጡ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች አይቻለሁ፤ እናቶቻቸው እንደ እርስዎ ለልጃቸው ደግ ያደረጉ መስሏቸው ነበር።

ማሳከኩን ሳላየው ይህ ነው አልልም። እንደ ድሬ ባለ ሞቃትና ደረቅ አገር፣ በወንድ ልጅ ላይ፣ ከሙቀት ጋር የሚብስ ማሳከክ ግን ብዙ ጊዜ ቨርናል የሚባለው አለርጂ ነው። የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠን ስናይ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ደቻቱ ወንዝ ላይ እንደሚቀረው ጠጠር የተደረደረ እብጠት እናገኛለን። እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናርም ይኖረዋል። አብዛኞቹን ጉርምስና ሲያልፍ ይተዋቸዋል። እስከዚያ የምፈራው ማሸቱን ነው። በጣቱ አንጓ ዘወትር የሚያሽ ልጅ የዓይኑ ፊት ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ሊወጣ ይችላል። ኬራቶኮነስ ይባላል። ያኔ ተራ መነጽር እይታውን አያጠራውም። ስለዚህ የመነጽሩ ወረቀት ላይ ሲሊንደር የሚለው ቁጥር በየምርመራው ከፍ እያለ ከሄደ ችላ አይበሉት። በጊዜ ከተደረሰበት በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያውን የሚያጠነክር ሕክምና አለ።

በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፣ ሌላ አይግዙ። «የዓይን ግፊቱን ይለኩልኝ፣ የላይኛውን ቆብ ገልብጠው ይዩልኝ» ይበሉ። መነጽሩ ሲታዘዝ ዓይኑን ለሰዓታት የሚያፈዝዝ ጠብታ ካልተደረገለትም በዚያው እንዲደገምለት ይጠይቁ፤ ልጆች ሳያውቁት ዓይናቸውን ስለሚያስጨንቁ ያለዚያ ቁጥሩ በዝቶ ሊወጣ ይችላል። እስከዚያ ሲያሳክከው በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉለት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፊቱን ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ባለ ጥላ ኮፍያ ያድርግ።

ታናናሾቹንም አይርሱ። በቻይና ጓንግዡ ከተማ አንደኛ ክፍል ለገቡ ልጆች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ የውጭ እንቅስቃሴ ተጨመረላቸው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ማዮፒያ፣ ማለትም እንደ ልጅዎ ሩቁን የሚያደበዝዘው ችግር፣ የጀመራቸው 30.4 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው ግን 39.5 ከመቶ ነበሩ። በድሬ ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ልጅ አውጡ አልልም፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊትና ከ11 ሰዓት በኋላ ይጫወቱ፣ የዛፍ ጥላ ሥር ያለው ብርሃንም ይቆጠራል። ቤት ውስጥም አንዱን ዓይናቸውን በመዳፍ እየሸፈኑ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ከሩቅ ያስነብቧቸው። ማንበብ የማይችለው ትንሹ የእጅዎን ጣቶች ይቁጠር። በአንዱ ዓይን እያየ በሌላው የተቸገረ ካለ፣ ትልቁን ሲወስዱ እሱንም አብረው ይውሰዱት።